የዲፓርትመንት ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው። ፍሬሽማን ሊጨርሱ የተቃረቡ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ አዲስ የተመደቡ፣ ወላጆችም ጭምር፣ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ዲፓርትመንት ነው። ከሰሜን ሸዋ የመጡትን መርጠን አሳጥረን አቅርበናል። ስም አላወጣንም።

*ጥያቄ፦* ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት መሐል ሜዳ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ፕሪ ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም ከዲፓርትመንት ምደባ በፊት ያለው ደረጃ ላይ ነኝ። በቅርቡ የዲፓርትመንት ምርጫ እንሞላለን። ልቤ ያለው ኤሌክትሪካል ላይ ነው። ሲኒየሮች ግን “ጂፒኤህ ላይደርስ ይችላል፣ አንደኛ ምርጫህን አታባክን፣ የሚደርስህን አስቀድም” ይሉኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ “ሲቪል ግባ፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው” ይላል። ዶርም ውስጥ የሚወራው ስለ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ግራ ገብቶኛል፣ ምን ልሙላ?

*መልስ፦* መጀመሪያ “አንደኛ ምርጫህን አታባክን” የሚለውን እንየው። ቅን ምክር ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

ምደባ በአብዛኛው የሚሠራው በውጤት ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያለው ተማሪ ፎርም ይነሳል፣ አንደኛ ምርጫው ቦታ ካለው ይገባል፣ ከሞላ ሁለተኛው ይታያል፣ እሱም ከሞላ ሦስተኛው። ከዚያ ቀጣዩ ተማሪ ይመጣል። ያንተ ተራ ሲደርስም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪካል ሞልቶ ከሆነ ወዲያው ሲቪል ይታይልሃል፣ ካንተ ያነሰ ውጤት ያለው ልጅ ሲቪልን አንደኛ ስላደረገ ብቻ አይቀድምህም። እንግዲህ አስበው፦ ኤሌክትሪካልን አንደኛ፣ ሲቪልን ሁለተኛ አድርገህ ኤሌክትሪካል ባይደርስህ ምንም አልከሰርክም። ሲቪልን አንደኛ ካደረግህ ግን ኤሌክትሪካል ላይ ቦታ እያለ ሲቪል ትገባለህ፣ አለቀ። በራስህ እጅ የዘጋኸው በር ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ምደባው እንዳልኩህ ከሆነ ነው። ስለዚህ ሲኒየር ሳይሆን ሬጅስትራርን ወይም የዲን ቢሮን ሂድና አንዲት ጥያቄ ጠይቅ፦ “ሁለተኛ ምርጫዬ ሲታይ፣ እሱን አንደኛ ያደረገ ግን ውጤቱ ከኔ ያነሰ ተማሪ ይቀድመኛል ወይ?” መልሱ “አይቀድምህም” ከሆነ ልብህ በሚለው ቅደም ተከተል ሙላ፣ ሳትፈራ። “ይቀድምሃል” ካሉህ ጨዋታው ይለያል፣ ያኔ ያለፈው ዓመት መቁረጫ ነጥብ ስንት እንደነበር ጠይቀህ ከውጤትህ ጋር ማመዛዘን አለብህ። በዚያው ውጤት የሚሉት ምን ምን እንደሆነ ጠይቅ። የፍሬሽማን ጂፒኤ ብቻ ነው? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይገባበታል? ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚጨመር ነጥብ እንዴት ነው የሚታሰበው? ይህ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ ከዓመት ዓመትም ይለዋወጣል፣ ስለዚህ የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራስህ አንብብ።

ሌላው፣ ፎርሙ ላይ ባዶ ቦታ አትተው። “የምፈልገው ሁለቱን ብቻ ነው” ብሎ ሌላውን ባዶ የሚተው ልጅ ሁለቱም ከሞሉበት ቦታ የተረፈበት ነው የሚጣለው። የማትወዳቸውንም ቢሆን ከማትጠላው ወደምትጠላው ደርድራቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኤሌክትሪካል ልቤ ነው ያልከው ከምን ተነስተህ ነው? ብዙ ልጅ የቤት ውስጥ መስመር መዘርጋትና ሬዲዮ መጠገን የወደደ ጊዜ ኤሌክትሪካል የእኔ ነው ይላል። ያ ፍቅር ጥሩ መነሻ ነው። ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚጠብቅህ ከሽቦው ይልቅ ሂሳቡ ነው፤ የሰርኪት ትንተና፣ ኤሌክትሮማግኔቲክስ፣ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ፣ ገጹን ሙሉ የሚይዝ ዲፈረንሺያል ኢኩዌዥንና ኮምፕሌክስ ቁጥር። በዓይን የማይታይ ነገር በወረቀት ላይ እያሳደዱ መዋል ነው። ይህን የሚወድ ሰው አለ፣ ይህ ደግሞ ቀኑን የሚያጨልምበት ሰውም አለ። ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፒውተር፣ ኮንትሮል እያሉ በስትሪም መከፈሉ ይመጣል፣ ስለዚህ በር አይዘጋብህም። ሶፍትዌር ያማራቸው ልጆችም በኮምፒውተር ስትሪም በኩል የሚጠጉበት መንገድ አለ።

ሲቪል ደግሞ ወንድምህ እንደሚያስበው ቤት ማሠራት ብቻ አይደለም። ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰርቬይንግ መሥራት አለ፣ አፈር ቆፍሮ ላብራቶሪ ወስዶ መፈተን አለ፣ ሃይድሮሊክስ አለ፣ የምሰሶና የወለል ስሌት አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በጣርማ በር ስትወርድ ያንን ገደል አይተኸዋል። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው፣ የዚያ አካባቢ ተዳፋት ደግሞ ክረምት ላይ በመንሸራተት የታወቀ ነው። መንገዱ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ውኃው ከሥር በየት እንደሚሄድ፣ ተራራውን ምን እንደሚይዘው ማወቅ ካጓጓህ ሲቪል ያንተ ነው። ካላጓጓህ “ሥራ አለው” በሚል ብቻ አራት ዓመት አትጓዝ።

ስለ ሥራ ደግሞ፣ የወንድምህን ጭንቀት አትናቀው። ቤተሰብ ይጠብቅሃል፣ ያውቃል። ግን አንተ የምትመረቀው ዛሬ አይደለም። ኢንጂነሪንግ ከነፍሬሽማኑ አምስት ዓመት ነው፣ ዛሬ የተጋጋለው ዘርፍ ያኔ ሊቀዘቅዝ፣ የቀዘቀዘውም ሊነሳ ይችላል። ግንባታው ሲደምቅ ሁሉም ሲቪልና ኮተም (የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ይሸሻል። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ያ ኃይል ወደ ገጠሩ ለመድረስ ገና ብዙ መስመርና ሰብስቴሽን ይፈልጋል። ይህን የምልህ ኤሌክትሪካል ሥራ አያጣም ብዬ ቃል ልገባልህ አይደለም። በየዘርፉ እንዲህ ያለ ክርክር ማቅረብ ይቻላል፣ ለዚህ ነው በሥራ ወሬ ብቻ መምረጥ የማያዋጣው። በደንብ የተማረ ሜካኒካል ከተሰላቸ ሲቪል ይሻላል፣ ቀጣሪም ይህን ለማየት ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አንድ ነገር አድርግ። የሁለተኛ ዓመት ኤሌክትሪካል ተማሪ ፈልግ፣ የሁለተኛ ዓመት ሲቪልም ፈልግ። ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) አትጠይቅ፣ ጂሲ ሁሉ ነገር አልፎለት በናፍቆት ነው የሚያወራህ። የዚህን ሴሚስተር ዎርክሺታቸውን ተዋስና ላይብረሪ ገብተህ አንዱን ጥያቄ ለመረዳት ታገል። መመለስ አትችልም፣ አይጠበቅብህም። ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ “ይሄ ነገር ግን እንዴት ነው የሚሠራው?” እያልክ ከሆነ አንድ መልስ አግኝተሃል። ሰዓትህን እያየህ ከሆነም ሌላ መልስ አግኝተሃል። አንድ ክፍለ ጊዜም ከኋላ ተቀምጠህ አዳምጥ፣ ሌክቸረሩን አስቀድመህ ብትጠይቀው እምቢ የሚልህ አይመስለኝም።

*ጥያቄ፦* ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ፣ አምስተኛ ምርጫዬ ነበር። ኬሚስትሪ ከድሮም አልወድም። ትምህርት ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ክፍል መግባት አስጠልቶኛል፣ አንዳንድ ቀን ዶርም እውላለሁ። ዲፓርትመንት መቀየር ይቻላል? አንድ ልጅ ደግሞ “ብር ካለሽ የሚያስቀይር ሰው አውቃለሁ” አለኝ። እውነት ይሆን?

*መልስ፦* እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ብሩን አትስጪ። ዲፓርትመንት የሚቀየረው በማመልከቻና በቢሮ ፊርማ ነው። ብር የተቀበለሽ ሰው ነገ ስልኩን ቢዘጋ የት ሄደሽ ትከሺያለሽ? ቢሳካለት እንኳ በኋላ ሲጣራ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።

መቀየር ይቻላል ወይ? ብዙ ቦታ ይቻላል፣ ግን በጣም ጠባብ በር ነው፣ በየቀኑም እየጠበበ ይሄዳል። ሁለተኛ ሳምንት ላይ መሆንሽ ደግ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ተነሺ።

መጀመሪያ የምትሄጂው ልትለቂው ወደምትፈልጊው ሳይሆን ልትገቢበት ወደምትፈልጊው ዲፓርትመንት ነው። ኃላፊውን “ቦታ አለ? የመጨረሻ የገባው ተማሪ ውጤት ስንት ነው?” ብለሽ ጠይቂ። ያንቺ ውጤት ከመጨረሻው በጣም ካነሰ፣ ጊዜሽን ሌላ ነገር ላይ ብታውዪው ይሻላል፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቀረብ ካለ፣ ወይም ደርሷቸው ያልተመዘገቡ ልጆች ካሉ፣ ተስፋ አለ። ከዚያ የሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባለውን የዩኒቨርሲቲውን መተዳደሪያ ጠይቂ። ስለ ዝውውር የሚለውን ክፍል ራስሽ አንብቢው፣ የጊዜ ገደቡና ማን እንደሚወስን የሚገኘው እዚያ ነው።

ማመልከቻውን አጭር ጻፊ። ስምሽ፣ የመታወቂያ ቁጥርሽ፣ ከየት ወደየት፣ ውጤትሽ፣ ምክንያትሽ። የውጤት ወረቀትሽን አያይዢ። “አልወደድኩትም” የሚል ምክንያት ብዙ ክብደት የለውም፣ ምክንያቱም ሁሉም እሱን ነው የሚጽፈው። ውጤትሽ እንደሚያስገባሽ ማሳየት ይበልጥ ይሠራል። የጤና ምክንያት ካለሽ፣ ለምሳሌ የላብራቶሪ ኬሚካል ጠረን አስም የሚያስነሳብሽ ከሆነ፣ በሐኪም ማስረጃ አስደግፊው። ከሌለሽ ግን አትፍጠሪ። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቢ፣ ቀንና ቁጥር አስጽፊበት፣ አንድ ኮፒ ካንቺ ጋር ይቅር። “ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ነበር” የሚል ማስረጃ የለም።

መልስ እስኪመጣ ክፍል ግቢ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምልሽ። እንደ አፕላይድ ማቲማቲክስ ያሉት ብዙ ዲፓርትመንቶች የሚጋሯቸው ኮርሶች ናቸው፣ ብትቀየሪም ይዘሻቸው ትሄጃለሽ፣ ባትቀየሪም ያስፈልጉሻል። አሁን ዶርም ውለሽ ጂፒኤሽ ከወረደ ግን መቀየሪያ ያልሽው ውጤትሽ ራሱ ይጠፋል። ደግሞ ሲብስብሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ ሸዋ ሮቢት እንዳትገቢ። ማቋረጥ ካለብሽ ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ፎርም ሞልተሽ፣ ክሊራንስ (የዩኒቨርሲቲው ንብረት እጅሽ ላይ እንደሌለ ማረጋገጫ) ጨርሰሽ ነው። ሳታስታውቂ የጠፋሽ እንደሆነ ለመመለስ የምታቀርቢው ማመልከቻ ሚዛኑ ይከብዳል።

ከይቅርታ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ኬሚስትሪ አይደለም። ከኬሚስትሪው ይበልጥ ፊዚክስና ሂሳብ ነው። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ሙቀቱ የት ሄደ፣ ፈሳሹ በዚህ ቧንቧ ስንት ፍጥነት ይፈልጋል፣ ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ ናት፣ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ብቅሉን፣ ማፍላቱን፣ ማቀዝቀዙን፣ የሚወጣውን ቆሻሻ ውኃ ማጣራቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ኬሚካል ኢንጂነር ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ፣ ስኳር፣ ቆዳ፣ የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ ሁሉ ውስጥ አለበት። አንቺ የጠላሽው የአሥራ አንደኛ ክፍል ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ከሆነ፣ የጠላሽው ሌላ ነገር ነው። ይህን ስልሽ “ተቀበይው” ለማለት አይደለም። ማመልከቻሽን አስገቢ፣ ግን ማቴሪያል ባላንስ የሚሉትን ኮርስ በቅጡ ሳታዪ አትፍረጂበት። መቀየሩ ባይሳካ አራት ዓመት አብረሽው ነሽ።

*ጥያቄ፦* ከእነዋሪ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ማትስ ሲ አመጣሁ። ፕሪ ኢንጂነሪንግ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

*መልስ፦* ሲው ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሲ ያመጣኸው ከዶርም ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ላውንጅ እያልክ ሳታጠና ነው ወይስ ሌት ተቀን ታግለህ? ሳታጠና ከሆነ የሚስተካከል ነው። ታግለህ ከሆነ ደግሞ የትኛው ላይ እንደተሰናከልክ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል የቀረ ነገር ነው፦ ክፍልፋይ፣ አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪ። እሱ በእረፍት ጊዜ የሚሞላ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር የሚመጣው አፕላይድ ዋን ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ነው፣ ከዚያም ቱ እና ስሪ ይከተላሉ። ሂሳብ የማይጠቀም ኢንጂነሪንግ የለም፣ ኢንዱስትሪያል እንኳ ስታቲስቲክስና ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ይጠብቅሃል። ሂሳብን ጨርሶ የማትፈልገው ከሆነ አትግባ። የተቸገርክበት ብቻ ከሆነ ግባ። ጂፒኤ ሲሰላ ክሬዲት አወሩ የበዛ ኮርስ ይበልጥ እንደሚጎትት ደግሞ አትርሳ። የሦስት ክሬዲት ኤ 12 ነጥብ ነው፣ የሦስት ክሬዲት ሲ ግን 6።

*ጥያቄ፦* የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ፣ በንግድ ነው የምተዳደረው። ልጄ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ደርሶት ሳለ “ትቼ ኮምፒውተር ሳይንስ እገባለሁ” ይላል። እኔ “ልጄ ኢንጂነር ሊሆን ነው” ብዬ ለዘመድ አዝማድ ተናግሬያለሁ። ልጁ ይሰማኝ እንደሆነ ምን ልበለው?

*መልስ፦* ጋሼ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። ልጅ ለማስተማር የወጣው ወጪና የታለፈው ሌሊት ቀላል አይደለም። ግን ዘመድ አዝማዱ በሠርግና በለቅሶ አንድ ጊዜ ጠይቆ ያልፋል፣ ልጁ ነው በየቀኑ የሚማረው። ስለዚህ ዘመዱን ለጊዜው እንተወው።

ልጅዎ የሚለው ከዲፓርትመንት ወደ ዲፓርትመንት መቀየርን አይደለም፣ ከኢንጂነሪንግ መውጣትን ነው። ከባዱ እሱ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር ሳይንስ ያለው በሌላ ኮሌጅ ስር ነው፣ ሁለት ኮሌጅ መስማማት አለበት ማለት ነው። ከወጣ በኋላ ወደ ኢንጂነሪንግ መመለስም እንዲሁ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ኮምፒውተር ሳይንስ አራት ዓመት ነው፣ ኢንጂነሪንግ አምስት። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አላቸው፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ 50 በመቶ ሳያመጣ አይመረቅም። ፈተናው አገር አቀፍ ነው፣ ለየትምህርት መስኩ ለየብቻ ይዘጋጃል። ስለዚህ ሳይወደው የተማረውን ትምህርት መጨረሻ ላይ ከነሙሉው ይፈተንበታል።

አይቆጡት፣ ይጠይቁት። ፕሪ ኢንጂነሪንግ ላይ ኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ የሚባል ኮርስ ወስዷል። ስንት አመጣ? ከክፍል ሥራ ውጪ በራሱ ተነሳስቶ የጻፈው ፕሮግራም አለ? ትንሽም ብትሆን፣ የሱቅዎን ዕቃ የምትቆጥር ብትሆንም። ካለ፣ ያሳይዎ። እርስዎ ኮዱ ባይገባዎትም ሲያስረዳዎ ፊቱን ያያሉ፣ ያ ይበቃል። ምንም ያልሠራ ከሆነና “ጓደኞቼ እዚያ ናቸው” ወይም “እዚያ ገንዘብ አለ” የሚል ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሴሚስተር ሜካኒካልን ይሞክር በሉት። ቶርኖ ላይ ብረት ሲቆርጥ፣ ቴርሞዳይናሚክስ ሲገባው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ፕሮግራም መጻፍ እንደሆነ ሜካኒካል እየተማረም ማታ ማታ መሥራት አያቅተውም። ችግሩ፣ ይህን አንድ ሴሚስተር ሲሞክር የመቀየሪያው ጊዜ ሊያልፍበት ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሬጅስትራር ሄዶ የመጨረሻውን ቀን ይጠይቅ። ዓመት ቢደገም ወጪው የማን እንደሆነም ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፣ የወጪ መጋራቱን ውል የፈረመው እሱ ነው።

*ጥያቄ፦* ከደነባ ነኝ። ኢንጂነሪንግ ስለገባሁ ወንድሜ ላፕቶፕ ሊገዛልኝ ነው። የቱ ይሻላል?

*መልስ፦* አሁን አትግዛ። ዲፓርትመንትህ ይታወቅ። አርክቴክቸር ከደረሰህ ከበድ ያለ ዲዛይን የሚሸከም፣ ግራፊክስ ካርድ ያለው ያስፈልግሃል። ሌላ ከሆነ ግን 8 ጂቢ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለአውቶካድና ለማትላብ ይበቃሃል። ባትሪውን ሳታስለካ፣ ቻርጀሩን ነቅለህ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳታይ ብር እንዳትከፍል። እስከዚያ የኮምፒውተር ላቡን ተጠቀምበት፣ የምታስቀምጥበት ፍላሽ ብቻ ያዝ።